የጠፋባቸው ሰልፍ

ካሱባ ቀኝ ክንዷን በግራዋ ደግፋ ተሰልፋለች። ከፊቷ ሁለት ዶሮ የተሰረቀባት ሴትዮ፣ ከሴትዮዋ ፊት ደግሞ ብስክሌቱን የሚፈልግ ሰውዬ ቆመዋል።

«አንቺስ እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለቻት ባለዶሮዋ ዞር ብላ።

ካሱባ አሰብ አደረገችና «ምንም» አለች።

«ምንም ሳይጠፋብሽ ምን ይገትርሻል? ይሄ እኮ የጠፋባቸው ሰልፍ ነው።»

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ለተደበደቡ ሴቶች የተለየ መስኮት እንዲከፍት ከበላይ ታዝዞ ነበር። ትርፍ መስኮት የለውም፤ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነውና በጠፉ ንብረቶች መስኮት ላይ አንድ ወረቀት አስለጠፈ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ሴት ዓይኗ አብጦ ፈገግ ብላለች፤ ከሥሯ «ዝምታሽን ስበሪ» ይላል። ሴትዮዋ የጆሮ ጌጥ አድርጋለች፤ ፀጉሯም ተሠርቷል። ካሱባ የራሷን ነጠላ ጫማ አየችና ለመደብደብ እንኳ እንዳልተዘጋጀች ሰው አፈረች።

ጊዜ አልነበራትም። ባሏ ምዋፔ ለአጎቱ ቀብር አገር ቤት ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል። የንዶላ ከተማው የሴቶች መጠለያ መኪና በየሐሙሱ፣ ዛሬም፣ ስድስት ሰዓት ላይ በጣቢያው በር ያልፋል፤ ማኅተም ያለበት ፎርም ያልያዘችን አያሳፍርም። ይህን የነገረቻት የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ ክንዷን እየጠቀለለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የተከለከለ ዕቃ እንደምትሸጥ ሰው።

ተራዋ ደረሰ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሳጅን ሲምቤዬ ደግ ፊት ያለው ወፍራም ሰው ነው። ሁሉንም ሰማት፤ የማክሰኞውን፣ ቀበቶውን፣ ከቀበቶው በኋላ ምዋፔ «ሚስቴ አይደለሽ እንዴ» እያለ ያደረጋትን። ከኋላዋ ያለው ሰልፍም ጸጥ ብሎ አብሮ ሰማ።

«ናቺምቡሳሽ ያውቃሉ?» አላት በመጨረሻ።

ናቺምቡሳዋ ከሠርጓ በፊት ሦስት ወር በር ዘግተው ትዳር ያስተማሯት አሮጊት ናቸው። የባልና የሚስት ነገር እሳቸው ጆሮ ሳይደርስ ደጅ አይወጣም፤ ወጥቶ ከተገኘም የምትጠየቀው ሚስትየው ናት።

«አያውቁም።»

«እሳቸው ያላወቁትን እኔ እንዴት ልወቅ?» አለ ሳጅኑ ከልቡ ተጨንቆ። «ነገ ዘመዶቹ መጥተው ‹ከሽማግሌ ተደብቃ ነው የከሰሰችው› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ጥሪያቸው። እሳቸው ‹ስጣት› ካሉ ፎርሙን በሁለት እጄ ነው የምሰጥሽ።»

«ካላሉስ?»

«እሱማ...» አለና እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

ካላሉ ምን እንደሚሆን ካሱባ ታውቀዋለች። አሮጊቶች አጅበው ቤቷ ያስገቧታል፤ ነገ ምዋፔ ከቀብር ሲመለስ ፖሊስ ጣቢያ መሄዷን ከእሷ በፊት ሰፈሩ ይነግረዋል። ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ጉዳይዋን ጨርሳ ገና ያልሄደችው ባለዶሮ ስልኳን ከጡት መያዣዋ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ደውይ። የኔ ዶሮ እንደሁ እስካሁን ተበልቷል።»

ናቺምቡሳዋ ባና ቾምባ፣ በልጃቸው ስም «የቾምባ እናት» ለማለት ነው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽርጣቸውን አጥብቀው ደረሱ። ካሱባ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ለታላቅ ሰላምታ የሚጨበጨበው በሁለት እጅ ነው፤ ቀኟ ስላልታዘዘላት በግራዋ ጭኗን መታ መታ አደረገች። አሮጊቷ ያንን አዩ።

«ድስት ሲሰነጠቅ ምን አድርጊው አልኩሽ?»

«ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙሪው።»

«አዞርሽው?»

«ሰባት ዓመት።»

ባና ቾምባ ጎንበስ ብለው ጥቅልሉን ፈቱ። ረጅም ጊዜ አዩና መልሰው ጠቀለሉት።

«ምነው ለኔ ሳታሳዪኝ?»

«ሁለቴ መጥቼ ነበር፣ እናቴ። ‹ምን ብታደርጊው ነው?› ብለው መለሱኝ።»

ባለዶሮዋ ቀና ብላ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ፎርሙን ስጣት።»

ሳጅኑ ከሥርዓቱ ጋር በመታረቁ ደስ ብሎት ተቻኩሎ ይሞላ ጀመር። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«‹ጥቃቱ ቀደም ሲል ለምን አልተነገረም› ይላል። ‹በፍርሃት› ልበለው? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«አይደለም» አሉ ባና ቾምባ። «የከለከላት ሰው አለ ብለህ ጻፍ።»

«ማን?»

«እኔ።»

የሳጅኑ እጅ ቆመ። «እናቴ፣ ይሄ ፍርድ ቤት የሚገባ ወረቀት ነው። ከዚህ ወዲያ ማን ሙሽራ ያመጣልዎታል?»

«የጠየቀህን ጻፍ።»

ከውጭ የመጠለያው መኪና አንዴ ጡሩምባ ነፋ።

«እሺ፤ ሙሉ ስማቸው?» አለ ሳጅኑ ወደ ካሱባ ዞሮ።

ካሱባ አፏን ከፈተች። የእኚህን ሴት ምንጣፍ ሦስት ወር ተጋርታለች፤ የሳላቸውን ድምፅ፣ ሲናደዱ የምትነሣውን የአንገታቸውን ሥር ታውቃለች። የታላቅ ስም ግን አይጠየቅም። አልጠየቀችም። ወደ አሮጊቷ ዞረች።

ባና ቾምባ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ስማቸውን በሰው ፊት ከጠሩት ስንት ዘመን እንደሆነው እንጃ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከንፈራቸውን አረጠቡ፤ ሳጅኑ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።