የቬርና መርዶ

ቬርና ትያደን የራሷን መርዶ የሰማችው የቁርስ ዕቃ አጥባ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠች ነው።

ኮምፒውተሩ ያለው ልጇ ጥሎት በሄደው መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። በየጠዋቱ የልጅ ልጆቿ ፎቶ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ትገባለች። ከፎቶ ይልቅ የሚጠብቃት ግን የዶርቲያ ሙልደር ኢሜይል ነው። ዶርቲያ በቤተክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ አብራት ያረጀች ወዳጇ ናት፤ ኢሜይል ከተማረች ወዲህ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ለመላው ከተማ ትበትናለች። የድመት ፎቶ፣ ካንሰር ያድናል የተባለ ሎሚ፣ ያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ስለነበረ ደግሞ የሴናተር ዊትኮም ጉድ። ሴናተሩ የሌላ አገር ፓስፖርት በድብቅ ይዟል፤ ሴናተሩ ከተመረጠ አብያተ ክርስቲያናትን ያዘጋል፤ እንዲህ እንዲህ። ቬርና አብዛኛውን ሳትከፍት ትደመስሰዋለች። የዚያን ቀኑን የከፈተችው ርዕሱ «ምስኪኗ የአዮዋ ኦርጋን ተጫዋች» ስለሚል ነው። እሷም የአዮዋ ኦርጋን ተጫዋች ናት፤ ምስኪን ግን አልነበረችም።

«ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው! ቴሌቪዥኑ አይነግራችሁም!» ይላል። «በነሐሴ ወር ሴናተር ዊትኮም በአዮዋ በአንድ የገጠር የእርሻ ትርዒት ላይ ተገኘ። የዘጠና ዓመቷ መበለት እናታችን ብሔራዊ መዝሙራችንን በኦርጋን መጫወት ሲጀምሩ ሴናተሩ ተነሥቶ ሄደና ‹ይህን ነገር አቁሚ!› አላቸው። እናታችን በሕዝብ ፊት አለቀሱ። ብዙም ሳይቆይ አምቡላንስ ከቤታቸው ወሰዳቸው። በተሰበረ ልብ ዐረፉ። አገርህን የምትወድ ከሆነ ለምታውቀው ሁሉ አስተላልፍ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አርሎ!» ብላ ተጣራች። «ና እስቲ ጉዴን እይ፤ ሞቻለሁ።»

ባሏ አርሎ ጋዜጣውን እንደያዘ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። መነጽሩን አውጥቶ አፉን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ዘጠና ዓመት?» አለ። «ሰባ አንድ አይደለሽ እንዴ?»

«ከዚህ ሁሉ የገረመህ ዕድሜዬ ነው?»

«ቆይ ቆይ፣ መበለት ይላል እኮ! እኔንም ገድለውኛል! ያውም ካንቺ አስቀድመው!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሴናተር ዊትኮም በእርግጥ ወደ እኛ አውራጃ ትርዒት መጥቶ ነበር። ቬርናም በእርግጥ መድረኩ ላይ ተቀምጣ ብሔራዊ መዝሙሩን ጀምራ ነበር። መካከል ላይ ስትደርስ ኦርጋኑ እንደታመመ ጥጃ አቃስቶ ዝም አለ፤ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ጠፋ። ሴናተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደና ጎንበስ ብሎ «እኔን ሊያጠፉ አስበው ተሳስተው እርስዎን አጠፉ» አላት። ቬርና ሳቀች። በነሐሴ የአረሙ ብናኝ ዓይኗን እንደ ምንጭ ስለሚያፈስሰው በመሐረብ ጠረገችው። ሕዝቡ መዝሙሩን በባዶ ድምፁ ጨረሰ። ይኸው ነው። አምቡላንስ በእርግጥ ከቤታቸው በር ቆሞ ነበር፤ የወሰደው ግን አርሎን ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ይዞት።

«ደምስሽውና ተይው» አለ አርሎ። «ደግሞስ ለሰውየው ድምፅሽን እንደማትሰጪ ነግረሽኝ የለም?»

«አልሰጥም። ለሱ ብዬ መሰለህ? ሞቱ የኔ ነው። ማን እንደገደለኝ ማወቅ አለብኝ።»

አርሎ ይህን አነጋገሯን ያውቀዋል። የመኪናውን ቁልፍ ሊፈልግ ሄደ።

ዶርቲያ ወጥ ቤቷ ውስጥ ፖም ስትልጥ አገኟት።

«አንቺ ዶርቲያ፣ እኔ ሞቼ አንቺ ፖም ትልጫለሽ?»

«ምን አልሽ?»

«ትናንት የላክሽውን አንብበሽዋል?»

«አንብቤ አልቅሼበታለሁ እንጂ!»

«ዊትኮም የመጣው እኛ ትርዒት ላይ ነው። ኦርጋኑን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። አንቺም ከፊት ተቀምጠሽ በመዝሙር ወረቀቱ ፊትሽን ታራግቢ ነበር።»

ዶርቲያ ቢላዋዋ ቆመ። ቬርናን አየች፤ ፖሙን አየች።

«እሱማ አዎ» አለች። «ግን አዮዋ ትልቅ ናት እኮ። ሌላ ኦርጋን ተጫዋች ትሆናለቻ።»

«በነሐሴ? በእርሻ ትርዒት? ዊትኮም ባለበት?»

«ሰውየው ከዚህም የባሰ አያደርግም ብለሽ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ይህንን ግን አላደረገም፤ ትንፋሹ እስኪሰማኝ አጠገቤ ነበር።»

ዶርቲያ ፊቷ ቀላ። ሆኖም ነገሩን ያገኘችው ሚዙሪ ካለው ከእህቷ ባል መሆኑን ነገረቻት። የእህቷ ባል በስልክ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ! ሳላነብ ነው የማስተላልፈው» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለው ኢሜይል ግን የመጣበትን መንገድ አይደብቅም፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የላኪዎቹ አድራሻ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይገኛል። ቬርና ከመሃላቸው ስልክ ቁጥሩን ከስሙ በታች የሚጽፍ አንድ ሰው አገኘች። ሮይስ ቴልማን፣ ትራክተር ጠጋኝ፣ ቴክሳስ።

«እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ ሮይስ፤ ከጀርባው መዶሻ ይሰማል።

«ስለ ኦርጋን ተጫዋቿ የላኩትን አንብቤ ነው። ኦርጋን ተጫዋቿ እኔ ነኝ።»

መዶሻው ቆመ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ሴትዮዋ እኮ ሞተዋል።»

«እሱን ነው የምጠይቅዎት።»

 ሮይስ ድምፁን ጠንከር አድርጎ «እኔ ዘንድ እንዲሁ ነው የመጣው። ከየት እንደመጣ ከፈለጉ ካርላን ይጠይቁ» ብሎ ዘጋው።

ካርላ ፍሎሪዳ የምትኖር ነርስ ናት፤ ከሮይስ ጋር የተዋወቁት በተጎታች ቤት ለሽርሽር በሚዞሩ ሰዎች ማኅበር ነው። ቬርና ከኢሜይሉ ሥር ባገኘችው አድራሻዋ ጻፈችላት፤ ከሰዓት በኋላ ካርላ ራሷ ደወለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እኔ አልገደልኩዎትም! ማዪ ቢሉኝ እምላለሁ። አባቴ ነው ያየው። ‹ሙዚቃው ቆመ፣ ሰውየው ሄዶ የሆነ ነገር አላት፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች› ብሎ ጻፈልኝ። ቆየት ብሎም አምቡላንስ ወሰዳቸው አለኝ። እኔ ‹አቁሚ ብሏት ይሆን?› ብዬ ጻፍኩ። የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ እኮ! ምልክቱን ማን እንዳነሳው እንጃ።»

«አባትሽ ማነው ልጄ?»

«ጌለን ሮወር። ትርዒቱ ላይ ቋሊማ በሊጥ ነክሮ ይጠብሳል።»

ጌለን ሮወር የሚኖረው ከእኛ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። በማግስቱ ሄዱ። መንገዱ ግራና ቀኙ የደረቀ በቆሎ ነበር፤ አጫጆቹ ማሽኖች አቧራ ያስነሳሉ። አርሎ ሲነዳ ቬርና ምን እንደምትለው በልቧ ታዘጋጅ ነበር። ፊቱ ላይ ክፋት ያለበት ሰው ነበር የጠበቀችው።

ያገኙት ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው ከበድ ያለ ሽማግሌ ነው። ከበሩ ፊት የመጥበሻ ጋሪውን በሳሙና ሲፈትግ ነበር። ቬርና ከመኪናው ስትወርድ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«እርስዎ ኦርጋን የሚጫወቱት አይደሉም እንዴ? ሞተዋል ብለው ጽፈውልኝ!»

«ማን ጻፈልዎት?»

«የአክስቴ ልጅ፣ ከኔብራስካ። እንዲያውም ደንግጬ፣ ‹አየህ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት፤ ሌላም ሰው አይቷል› አልኩ። የጠረጠርኩት ልክ ነበር ብዬ አረጋገጥኩበት።»

ቬርና ነገሩ ገባት። የራሱ ወሬ አገር ዞሮ፣ ወፍሮ፣ ዘመድ መስሎ ወደ በሩ ተመልሶ መጥቷል፤ እሱም ምስክር አድርጎ ተቀብሎታል። ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። ብታስበው ሰውየው አንድም ውሸት አልጻፈም። ሙዚቃው ቆሟል። ሴናተሩ የሆነ ነገር ብሏታል። ዓይኗንም ጠርጋለች።

«አቁሚ አላለኝም» አለችው። «መብራት ጠፍቶ ነው። ዓይኔን ያስለቀሰኝም ብናኝ ነው።»

«መብራት ጠፍቶ?» አለ ጌለን፤ ጆሮውን አስጠጋ።

አርሎ እስካሁን ጋሪውን እየዞረ ሲመረምር ነበር። ገበሬ ስለሆነ ማሽን ካየ ሳይነካ አያልፍም። አሁን ከጋሪው ሥር የተጠቀለለውን ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ብድግ አደረገ።

«ይሄንን የት ነበር የሰካኸው?»

«ከመድረኩ ኋላ፣ ምሰሶው ላይ።»

«ኦርጋኑንም እዚያው ነበር የሰካነው።»

ጌለን አፉን ከፈተ። ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ዘይቴ ቀዝቅዞብኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ መዝሙሩ ላይ። ሰው ተሰልፎ ዘይቱ ቀዘቀዘብኝ፤ አዘጋጆቹን ስሳደብ ነበር። ፊውዙን ያቃጠልኩት እኔ ነኛ!»

ቬርና ሳቋ መጣ፤ ሳቀች። እንደጀመረች ማቆም አቃታት። የጋሪውን ጠርዝ ይዛ ሳቀች፤ አርሎም ሳቀ፤ ጌለን ብቻ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ቆሞ «እኔ ነኛ! እኔው ነኛ!» ይላል። በኋላ ወደ ቤት አስገብቶ ቋሊማ ጠበሰላቸው። ከመሄዳቸው በፊት «ለዊትኮም ድምፄን አልሰጥም፣ እሱ አይቀየርም፤ ለካርላ ግን ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ» አለ።

«እኔም አልሰጠውም» አለች ቬርና። ጌለን ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ ይሄኛው ከፊውዙ የበለጠ የገረመው ይመስል ነበር።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሮይስ ራሱ ደወለ። መዶሻ አይሰማም።

«እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሞቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ካርላ የላከችው አምቡላንሱ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ለምን ገደልከኝ ልጄ?»

«ሆን ብዬ አይደለም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የቤተክርስቲያን ኦርጋን ስትጫወት ነው የኖረችው። ዘንድሮ ፋሲካ ላይ ሞተች፤ ዘጠና ዓመቷ ነበር፤ አባዬም ቀድሟት ሞቷል። የካርላን ኢሜይል ሳነብ እሷን አየኋት። አንድ ሰው እማዬን ‹አቁሚ› ሲላት። በንዴት እየጻፍኩ ሳለሁ ‹ዐረፉ› ብዬ ጨረስኩት። ስጽፈው እውነት ነበር የመሰለኝ። እርስዎ ሲደውሉ ነው ውሸት መሆኑ የገባኝ።»

 ቬርና ብትቆጣው ደስ ባላት፤ ቁጣው ግን አልመጣም።

«እናትህ ስማቸው ማን ነበር?»

«ኦልጋ።»

«ፔዳሉን በጫማ ነበር የሚረግጡት ወይስ በባዶ እግር?»

ሮይስ ሳቅና ልቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ «በካልሲ!» አለ። «ክረምት ከበጋ በወፍራም ካልሲ!» ከዚያም ስለ ኦልጋ ብዙ አወራት፤ ቬርናም አዳመጠች።

ሮይስ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ስሕተቱን አርማለሁ ብሏት ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ። ለላከላቸው ሁሉ «ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፤ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ስሕተቱ የኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለት ሰዎች አመሰገኑት። አንዱ ስንት ተከፈለህ አለው። የቀሩት መልስ አልሰጡም። ዶርቲያ ደግሞ ለከተማው ሰው ሁሉ «ቬርና አልሞተችም» የሚል ኢሜይል በተነች። ከተማው ይህን ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ በየእሑዱ ያያታልና። ከሥሩ ግን ስለ ዊትኮም ሌላ አዲስ ወሬ አያይዛ ነበር። ቬርና ለሁለት እሑድ ያህል አኮረፈቻት፤ በሦስተኛው ዶርቲያ የጋገረችውን የፖም ፓይ ይዛ መጣችና ታረቁ። ዶርቲያ ከዚያ ወዲህ ከመላኳ በፊት ለቬርና ስልክ ትደውላለች፤ «ይሄስ እውነት ይመስልሻል?» እያለች። ቬርና አይመስለኝም ስትላት አንዳንዴ ትተወዋለች፤ አንዳንዴ ትልከዋለች።

ምርጫው መጣና አለፈ፤ ዊትኮም ተሸነፈ። በእኛ አውራጃ ድሮም አያሸንፍም ነበር።

በረዶ መጣል ሲጀምር ከኦሪገን አንድ የሐዘን ካርድ ለቤተክርስቲያናችን መጣ። «ለአዮዋዋ ኦርጋን ተጫዋች ቤተሰብ» ይላል፤ ቤተክርስቲያናችንን እንዴት እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ። ላኪዋ ፔርል የምትባል አሮጊት ናት፤ ስልኳንም ጽፋለች። ፓስተሩ እየሳቀ ለቬርና ሰጣት። እሷ ግን አልሳቀችም። የማታውቃት ሴት ተቀምጣ ለቬርና ልጆች መጽናናትን ተመኝታለች። ደወለችላት።

«የቤተሰቡ አባል ነዎት?» አለች ፔርል።

«እኔው ራሴ ነኝ። አልሞትኩም።»

«ውይ እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት! ታዲያ ያ ሰው አቁሚ ያለዎትስ?»

«አላለኝም። መብራት ጠፍቶ ነው። ቋሊማ ጠባሹ ፊውዝ አቃጥሎ።»



«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እንግዲህ» አለች ፔርል ተክዛ፣ «እኔ ያንን ለስንቱ ልኬዋለሁ። ይሄንን ብልክላቸው ማን ያነበዋል?»

ቬርና አላውቅም አለቻት። ከዚያ ፔርል እዚያ በረዶ ጥሎ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ቬርናም በመስኮቱ እያየች ነገረቻት።