ጨምሬያለሁ!

ባልና ሚስት ከባልየው እህት ጋር በሚሠሩበት መጋረጃ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ የጨመረ ሰው ይጮኻል።

ሕጉ የመጣው በአንድ ጥርስ ሐኪም ሳሎን ምክንያት ነው። ባልየው መስኮቱን ለካ፤ ለእጥፋቱ ብሎ አንድ ስንዝር ጨመረና ዝም አለ። እህቱ ቆራጭ ናት፤ «ወንድሜ መቼም ይረሳል» ብላ እሷም ስንዝር ጨመረችና ዝም አለች። ሚስትየዋ ሰፊ ናት፤ «እነዚህ ሁለቱ መቼ አስበው ያውቃሉ» ብላ እጥፋቱን አቀጠነችው፤ እሷም ዝም። መጋረጃው ሲሰቀል ወለሉን ጠርጎ ወደ በሩ ሄደ። ጥርስ ሐኪሙ አይቶ አይቶ፣ «እኔ ያዘዝኩት መጋረጃ ነው ወይስ ቬሎ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ የጨመረ ሰው «ጨምሬያለሁ!» ይላል፤ የቀሩት «ሰምተናል!» ይላሉ። በደጁ የሚያልፍ ሰው የተጣሉ ይመስለዋል።

ሚስትየዋን ሰፈሩ «ሰፊዋ» ይላታል። የባሏ እህት ስትጠራት «ፊ»ዋን ጠበቅ ታደርጋለች፤ ሥራዋን ሳይሆን ወገቧን ማለቷ ነው።

«አንቺ ስንጥር» ትላታለች ሰፊዋ፣ ከማሽኗ ቀና ሳትል። «ቀን ሲጥልሽ ተደግፈሽ የምትቆሚው እኔን ነው።»

ወፍራም መሆኗን አትክድም። ዘራቸው ነው። ታላቅ ወንድሟም እንደዛው ነበር፤ ልቡ ደክሞ ነው የሞተው። መጀመሪያ ጫማው እምቢ አለው። ቀጥሎ ትንፋሹ አጠረ፤ ትራስ በትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ማደር መጣ። ከዚያ ሄደ። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ከልብሱ ብልቃጡ በለጠ፤ የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ልብ ማጠንከሪያ የሚባል ምናምን። እግሩ የሚያውቀው መንገድ ግን ከደጁ እስከ መኪናው ነበር።

«ወንድሜ ልቡን በብልቃጥ አስጠበቀው» ትላለች ሰፊዋ። «ዘበኛው ተኛበት።»

ስለዚህ ሐኪሟ «ክብደትዎ ልብዎን እያስቸገረው ነው፤ ሳይደክም እንድረስለት» ስትላት እቅጩን ተናገረች።

«እሄዳለሁ። ምግቤን እቀንሳለሁ። ኪኒን ግን እንዳላይ።»

ይህንኑ ለቤተሰቡ ደገመችላቸው። ባሏ፣ ሴት ልጇና የባሏ እህት እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ጧት ጧት በኳስ ሜዳው ዙሪያ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን አካሄዷ ፍርድ ቤት እንደሚወስዱት ሰው ነበር። አንካሳው ውሻ እንኳ ይቀድማታል። ሲውል ሲያድር ግን እግሯ ተፈታ። ቀሚሷ ሰፋት፤ ራሷ አጠበበችው። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ደንበኛ ነበረቻቸው፤ ሰፊዋ ሁሌ ሁለተኛው ላይ «ቆይ ጫማዬን ላስተካክል» እያለች የምታርፍበት ደረጃ ነው። አንድ ቀን ጫማዋን ሳታስተካክል ደረሰች። ባልየው የመጋረጃ ዘንጉን ተሸክሞ ከኋላዋ ሲያለከልክ ዞር ብላ፣ «ምነው፣ ጫማህ ተፈታ እንዴ?» አለችው።

ማሽኗ ሥር ሁሌ አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አለ። የጨርቅ ብናኝ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ብርቱካን ጨምቃበት ቀኑን ሙሉ ትጎነጫለች። ሰሞኑን ውሃው ጣመኝ ማለት አብዝታ ነበር። «ብርቱካኑ ዘንድሮ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል» ትላለች። የሚመልስላት ግን የለም፤ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

ከዚያ ጫማው እምቢ አላት።

ለማንም አልተናገረችም። ነጠላ ጫማ አደረገች፤ «ሞቀኝ» አለች። ቀለበቷ አልወልቅ አለ። ሚዛኑ ያወረደችውን መልሶ ሰቀለባት። እሷም እልህ ይዟት መሄዱን አበዛች። ስትሄድ አላባት፣ ሲያልባት ጠማት፣ ሲጠማት ጠርሙሱን ገለበጠች። በነጋታው ባሰባት። አልጋዋ ላይ ያለውን ትራስ ባየች ቁጥር ወንድሟ ትዝ ይላት ጀመር።

የተያዘችው ያው ደረጃ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላ ጫማ ነውና አስተካክላለሁ የምትለው እንኳ አልነበራትም። ባልየው ዘንጉን አስቀምጦ በርከክ አለ። ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ ተነሣ፤ ጉድጓዱ ቀረ። የሚስቱን ወንድም እግር ያየ ሰው ነው።

«ተነሽ» አላት። «መጋረጃው ገደል ይግባ።»

ክሊኒክ አራቱም ሄዱ። ሐኪሟ የሰፊዋ ደረት ላይ ሽቦ ለጠፈች፤ ቀጥሎ ቅባት ቀብታ ልቧን በስክሪን እያገላበጠች አየች። ሰፊዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት ብታጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጋረጃው አጥሯል። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ «ማን ነው የለካው?» አለች በሆዷ።

«ልብዎ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«ኧረ ደህና ነው እያልኩዎት ነው፣ እናቴ። በደንብ ይመታል። እንዲያውም ካለፈው ይሻላል፤ መሄድዎ ያስታውቃል።»

ሰፊዋ ትንፋሿን ለቀቀችው። የሆነ ቦታ ቋጥራው የከረመች ትንፋሽ ነበር፤ ወጥቶ አያልቅም። ባልየው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። የባሏ እህት ደግሞ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ተደግፋ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«አላልኩሽም?» አለቻት ሰፊዋ።

«የደም ግፊትዎ ግን ወጥቷል» አለች ሐኪሟ። «ይሄ ሁሉ ውሃ ደግሞ እግርዎ ላይ ተኝቷል። ጨው ያበዛሉ እንዴ?»

«ጨው? ከቤቴ ካባረርኩት ቆየሁ። ምግቤ ካርቶን ካርቶን ነው የሚለው፤ ጠይቂያቸው የኔ ልጅ።»

«የሚወስዱት ኪኒንስ? ቫይታሚን ነገር?»

«እኔ? ኪኒን?» ሰፊዋ ሳቀች። «እስቲ ንገሯት።»

ልጇ ጥፍሯን ታያለች። ባልየው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። የባሏ እህት ለቅሶዋን መሀል ላይ አቋረጠች።

«እማ፣ እንዳትቆጪ» አለች ልጇ። ከቦርሳዋ ረዘም ያለች ቱቦ አወጣች። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ቫይታሚን ነው። «ጧት ጧት ጠርሙስሽ ውስጥ... አንድ ብቻ። ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ባልየው ልጁን አፍጥጦ አያት። «አንቺም?» አለ። ከኮቱ ኪስ የራሱን ቱቦ አወጣ።

ሁሉም ወደ እህትየው ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ!» አለች። አፈጠጡባት። «እሺ። እኔ እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሰሞኑን ፊቷ ሲጨልም ጊዜ ደግሞ... ትንሽ ጨመር አደረግሁ።»

«እኔም» አለ ባልየው።

«እኔም» አለች ልጅቷ።

ሐኪሟ ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጀርባቸውን አነበበች። «ይሄ የሚፈላው ሶዲየም ስላለበት ነው» አለች። «ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው፤ ሌላ አይደለም። አንዷ ፍሬ ራሷ ቀላል አይደለችም። እናንተ ደግሞ እየተፈራረቃችሁ ስታጠጧቸው ከርማችኋል።»

ሰፊዋ ሦስቱንም በተራ አየቻቸው።

«ዓሣ መሰልኳችሁ?» አለች። «እንዳልበላሽ በጨው ልታቆዩኝ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐኪሟ ናት። ከዚያ ማን ያቁማቸው። ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ለመሆኑ ሕጋችን የት ገባ?» አለች ሰፊዋ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ጨምሬያለሁ የሚል አፍ ጠፋ?»

«ብንጮህ ትሰሚ ነበራ» አለ ባልየው።

«እሱን ነው የምልህ፣ ሰውዬ!»

ሐኪሟ ቱቦዎቹን አንድ ላይ ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ጨመረቻቸው። «ለልብ እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ነው» አለች። «የጎደለዎት ነገር ካለ በደም ምርመራ አይተን በግልጽ እንሰጥዎታለን። በድብቅ አይሆንም። እብጠቱ እስኪወርድ አካሄድዎን ረጋ ያድርጉት፣ ግፊትዎንም እየመጡ እናየዋለን፤ ከዚያ ይቀጥሉ። ልብዎን የጠበቀልዎት መሄድዎ ነው።»

ሰፊዋ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ መጋረጃሽ አጥሯል። እንሠራልሻለን።»

«ምን ያህል ይጨመርበት?» አለች ሐኪሟ።

«እሱን ለአንዳችን ብቻ ይንገሩ» አለ ባልየው።

ውሃው እንደ አመጣጡ ሄደ። ግፊቷም ወረደላት። አንድ ጧት ሰፊዋ ጫማዋን ለሙከራ ያህል ብታጠልቀው ክትት አለ። ባልየው ቅልጥሟን ጫን አድርጎ ጣቱን አነሣ። ጉድጓድ የለም። ደግሞ ሞከረ፤ የለም። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል እጁን መታችው።

«ሊጥ አይደለሁም፤ ተነስ!»

የአራተኛው ፎቅ ደንበኛ መጋረጃዋን እየጠበቀች ነበር። አራቱም ተሸክመው ወጡ። ሰፊዋ ከፊት ናት፤ ሁለተኛውን አለፈች፣ ሦስተኛውን አለፈች። ከደንበኛዋ በር ስትደርስ አላንኳኳችም። ወደ ላይ ቀጠለች።

«ወዴት ነው?» አለ ባልየው ከታች፣ ዘንጉን ተደግፎ።

ከአምስተኛው ፎቅ ላይ ድምፅ መጣ።

«ጨምሬያለሁ!»

ታች ያሉት «ሰምተናል» ለማለት ትንፋሽ አጠራቸው።