ከላይ የተቀዳው ውሃ

በደርግ ጊዜ ነው። ጀላል ኮምቦልቻ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ቀለሙ ወደ ወንዝ የሚፈስበትን ቱቦ ሲጠርግ ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «አራተኛ ክፍል» ነበር የሚሉት፤ ትምህርቱን ያቋረጠው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ሰኞ ግን ኃላፊው ጓድ ፈንታሁን ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «ጀላል፣ ውሃውን አንተ ትቀዳለህ» አለው። ከፋብሪካው የሚወጣው ቀለም ወንዙን ማበላሸት አለማበላሸቱ ደሴ ሊመረመር ነው። «ከቱቦው በታች ቅዱ ብለዋል። አንተ ከላይ ቅዳ። ያው አንድ ወንዝ አይደል?»

ጀላል ከላይ ቀዳ፤ «ከታች» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ያስገደደው የለም። በስሙ ስለጠሩት ብቻ ነው የፈረመው።

ከደሴ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት መጣ።

ከቱቦው በታች የሚኖሩት አማቱ ሼህ አብዱልወሀብ ነበሩ። ውሃው መልኩን ከለወጠ ወዲህ ሰፈርተኛው ከሶላት በፊት ለሚታጠበው ውዱእ ተጠራጥሮት፣ ሽቅብ ምንጭ ድረስ ይንከራተት ነበር። አርብ ቀን ሼሁ ጀላል ቤት መጡ።

«የቀዳኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«መልኩ የተለወጠ ውሃ ጦሃራ አይሆንም፣ ለሶላት አያነጻም። ግን በመሣሪያ አይተውታል ተባለ፤ የኔ ዓይን ደግሞ አርጅቷል። ሰዉ ያንተን ቃል እየጠበቀ ነው። እንታጠብበት?»

እውነቱን ቢናገር ከሥራ ይባረራል። እሱስ ይሁን፤ ነገ ደግሞ ያው «አራተኛ ክፍል» ሊባል ነው።

«አብሽሩ፣ ንጹሕ ነው» አለ።

ወላሂ አላለም። ሽማግሌውም ማል አላሉትም፤ አማቱ ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ። በል ሶላት ደርሷል፣ ውሃ አምጡልኝ።»

ሚስቱ ረሂማ ከበሩ ኋላ ጀሪካን ጎትታ አወጣች። «ይኸው አባቴ፣ የቧንቧ ነው። ጀላል ከፋብሪካው ነው የሚያመጣልን። የወንዙን እንዳንነካው ካለን ወር አለፈው።»

የሼሁ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጀላል መሬት መሬት አየ። ቱቦ ውስጥ ሲገባ እንኳ እንዲህ አንሶ አያውቅም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱ። «ለሰዉ ውሃው አይሆንም እላቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ነገረህ ካሉኝ ያንተን ስም አላነሳም። የልጄ ባል ነህ።»

ሳይታጠቡ ወደ ምንጩ መንገድ ወጡ።

«ምን አልካቸው?» አለች ረሂማ።

ጀላል ጀሪካኑን ከደነ።