ሰሚ ያላጣው እንጉርጉሮ

መምህሩ ሬዲዮ ላይ ሊቀርብ ነው ተብሎ ቤቱ ሽር ጉድ ሲል ሰንብቷል። የሚያወራው የዘፈን ዓይነቶች ስማቸው ከየት እንደመጣና ምን ማለት እንደሆነ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ፣ ታናሽ እህቷን አጠገቧ አስቀምጣ ሬዲዮኑን ከፈተች።

«ቤት ውስጥ ሲያናግሩት የማይመልስ ሰውዬ፣ እስቲ እዚያ እንዴት እንደሚለፈልፍ እንስማው!» አለች እህቷ።

«ተይው፣ ልማዱ ነው። ሲጽፍ ጆሮ የለውም።»

በዚህች «ጆሮ የለውም» ስንት ዓመት ተጽናንታለች! እናቷ ጋብቻውን አልወደዱትም ነበርና፣ መምህሩ ስማቸው ቤቴ እንዳይነሣ ብሎ ምሎ ነበር። እሳቸው ሲታመሙ «ልሂድ» ብትል ትዳሯ የሚፈርስ መሰላትና አፏ ተሳሰረ። ፊት ለፊት ያልደፈረችውን መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ታንጎራጉረው ጀመር። እሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል፤ ቀና እንኳ አይልም። እናትየው ሞቱ። ያን ጊዜ መምህሩ ደረቱን እየደቃ «ምነው በነገርሽኝ! እኔው ራሴ አላደርስሽም ነበር?» አለ። አበስኩ ገበርኩ! ከዚያ ወዲያ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። በገዛ ዝምታዬ እናቴን ሳላያት ቀረሁ እያለች አንጀቷ ሲያር ኖረ።

ሬዲዮ ላይ የመምህሩ ምላስ ተፈቷል። እሹሩሩ እናት ልጇን ስታባብል ካፏ ከሚወጣው ድምፅ የተወለደ ቃል ነው አለ። ቀረርቶ ሰው ፊት ቆመው የሚያሰሙት ነው አለ።

«እንጉርጉሮ ግን ማንጎራጎር ከሚለው የመጣ ነው፤ ሰሚ ያጣ ሰው አቤቱታ። አንዲት ሴት እናቷ ታማባት እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

የሰውን ቀዳዳ ስሰፋ ከረምኩኝ፣
የናቴን ደጃፍ ግን ሳልረግጥ ቀረሁኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለች እህቷ።

መምህሩ አንዲት ቃል አልሳተም፤ ዜማዋን ሳይቀር አሳምሮ ይዞታል!

ማምሻውን መምህሩ ፊቱ በደስታ በርቶ ገባ።

«ሰምተኸኝ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«እማዬ ታማ ሳለች ያልኩትን ሁሉ።»

ሊክድ ቃጣው፤ የሁለቱን እህትማማቾች ፊት ሲያይ ተወው። «ታዲያ መልስ ብሰጥሽ ታቆሚ ነበራ! እንዲያ ያለ እንጉርጉሮ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። በየቀኑ አዲስ ትጨምሪበት ነበር። ትንሽ ትበል፣ ከዚያ እወስዳታለሁ እያልኩ... ሴትዮዋ ቀደሙኝ።»

አላለቀሰችም። ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ኃጢአት ያንተ ነው ለካ!» አለችው። ወደ እህቷ ዞራም «ተነሽ፣ አንቺ ዘንድ ነው የማድረው» አለቻት።

መምህሩ «ኧረ ስሚኝ!» እያለ እስከ ደጅ ተከተላት፤ ዞራም አላየችው።