ከውሃ የሸሹ ቀንድ አውጣዎች

ማንጠግቦሽ ወንዙ መልካ ስትደርስ ቀንድ አውጣዎቹ ከውሃ ወጥተው ድንጋዩ ላይ ተለጥፈዋል። ሁሉም የዛጎላቸውን በር ጥርቅም አድርገው ዘግተዋል። አንዱን በጥፍሯ ነካችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«የእነ ጥላነሽ ሥራ ነው!» አለች፣ ጎረቤቶቿን እየረገመች። «እንዶዳቸውን ከላይ ይለቁብናል።»

እንዶድን ታውቀዋለች። በበዓል ዋዜማ አገሩ ልብሱን ሲያጥብ እነዚህ ፍጥረቶች ከውሃው ይሸሻሉ። መሸሽ ያቃተው ዛጎሉን ዘግቶ፣ ያቺኑ የውስጥ እርጥበቱን ቆጥቦ፣ ክፉው እስኪያልፍ ሳይበላ ይከርማል። ሰው እንዲህ ቢችል ስንቱ በተረፈ! አረፋው ካለፈ ግን ውሃው ይጠጣል፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታዋለች። ዛሬ አረፋ አልነበረም፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። አልፏል ብላ ቅሉን ሞላች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ልጇ ታረቀኝ ከሁለት አርበኛ ጓደኞቹ ጋር ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠብቃታል። ጣሊያን ጋራው ላይ ከሰፈረ ወዲህ ወንዝ የሚወርድ ወንድ በጥይት ይለቀማል፤ የምትቀዳላቸው እሷ ናት። ቅሉን ተቀብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እዚህ መቆየት አይበጅም፣ እማዬ። ገደሉን ስንሻገር እንጠጣዋለን።»

ወደ ተሸሸገችበት ዋሻ ስትመለስ ጥላነሽን መንገድ ላይ አገኘቻት። ነጭ ለብሳ ቁራሽ ዳቦ ይዛለች።

«እንኳን አደረሰሽ! የማርያምን ዝክር ቅመሺ» ብላ ዳቦውን ሰጠቻት።

«ዛሬ ማርያም ናት እንዴ?»

«ሃያ አንድ አይደል? ቀኑም ጠፋሽ?»

ጠፍቷት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ወዲህ ደወል የለ፣ ቄስ የለ።

«ታዲያ ዛሬ ከላይ ያጠበው ማነው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«በማርያም ቀን ማን ደፍሮ ያጥባል? ከላይ ያለው ጣሊያን ብቻ ነው። ጧት በርሜል ወደ ወንዙ ሲያንከባልሉ አይቻለሁ።»

ዳቦው ከማንጠግቦሽ እጅ ወደቀ። ነጠላዋን ጥላ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠች፤ እሾህ ሲቧጥጣትም አልተሰማት። ማዶ ሦስቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ታረቀኝ! እንዳትጠጡ! ልጄ፣ ድፉት!»

ታረቀኝ ቃሉ ባይለይለትም ድምፅዋን ሰምቶ ብድግ አለ። ልጅ ሳለ የሰጠችውን ጨርሶ እንደሚያሳያት ሁሉ፣ ቅሉን ከፍ አድርጎ ገለበጠላት።

አንዲት ጠብታ አልወጣችም።