ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ድልድይ

ሥራነሽ ውበቱ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ በሚሠራው የጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ንብረት ያዥ ሆና የተቀጠረችው ለአሥራ ስምንት ወር ነበር። ሥራው ግን በአሥራ አንደኛው ወር ቆመ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የውጭዎቹ መሐንዲሶች ሻንጣቸውን በሁለት መኪና ጭነው ወደ ደጀን አቅጣጫ ሄዱ፤ በሳምንት ውስጥ እንመለሳለን ብለው ነበር። ወንዙ መካከል ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። ዳር ላይ በዕቃ የተሞላ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አንድ የሲሚንቶ ማቡኪያ ቤቶኔራ፣ ሥራነሽና ጥበቃው አያ ገዳሙ ቀሩ።

ሥራነሽ አርባ ዓመት አልፏታል። እንደ እሷ ነገር የሚጠይቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ድልድዩን የሚሠራውን ድርጅት ወክሎ ከደብረ ማርቆስ ደመወዝ የሚያመጣላቸውን አቶ ይታያልን «ለምን ቆመ?» ብላ ጠየቀችው።

«ብሩ አልተለቀቀም።»

«ማን ነው ያልለቀቀው?»

«አበዳሪው ነዋ።»

«ለምን?»

አቶ ይታያል ደመወዟን ቆጥሮ ሰጣትና መኪናው ውስጥ ገባ።

ወረዳው «ከበላይ ነው» አላት። የቀረው የአያ ገዳሙ ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው አገሪቱ ከአበዳሪዎቿ ጋር ስለ «ዕዳ ሽግሽግ» እየተደራደረች መሆኑን ይናገራል። ሥራነሽ ሽግሽግን የምታውቀው ከአውቶቡስ ነው፤ ረዳቱ «ተሸጋሸጉ፣ አንድ ሰው ይቀመጥ!» ሲል።

«አያ ገዳሙ፣ የሚሸጋሸገው ማን ነው? የሚቀመጠውስ?»

«እኔ ምን አውቄ! ቆሞ የቀረው ግን ድልድያችን ነው» አሉ ሽማግሌው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሥራነሽ በየሳምንቱ መጋዘኑን ትከፍታለች፣ የፌሮ ብረቱን ትቆጥራለች፣ ዝገት እንዳይበላው ብረቱን ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ትቀባለች። ያልቻለችው ሲሚንቶውን ነው። ሁለት ክረምት የጠጣው እርጥበት ከረጢቱን ከነውስጡ ድንጋይ አደረገው። እሷም የደረቀውን ከደህናው ለይታ፣ ቁጥሩን በንብረት መመዝገቢያው ካርድ ላይ ጻፈች።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አቶ ይታያል ሳይታሰብ መጣ። ፊቱ ፈክቷል።

«ነገ እንግዳ አለብን። አንዷ ከአዲስ አበባ ከመንግሥት በኩል፣ አንዷ ፈረንጅ ከአበዳሪው ባንክ። በብድር የተጀመሩትን ሥራዎች እየዞሩ ያያሉ። የሚቀጥልና የሚሰረዝ የሚል ዝርዝር አላቸው።»

«እኛ የትኛው ውስጥ ነን?»

«ገና ነዋ! ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።» ወደ መጋዘኑ ገባና ሲሚንቶውን አየ። «ደህናውን ወደ ፊት አውጡት፤ የደረቀው ከኋላ ይሁን። ከኋላ ያለውን ማንም አያይም።»

«ካርዱስ?»

«ካርዱን አዲስ ጻፊ። ሥራነሽ፣ ይሄ ውሸት አይደለም፤ አቀማመጥ ነው።»

እሱ ሲሄድ ሥራነሽና አያ ገዳሙ ከረጢት ማዞር ጀመሩ። አርባ ያህል እንዳዞሩ ሥራነሽ ቆመችና ነጠላዋን አራገፈች።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። አያ ገዳሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ነገ የሚያውቁት ሰዎች እደጄ ድረስ ይመጣሉ። እኔ በውሸት ከጀመርሁ፣ እነሱም በውሸት ቢመልሱልኝ በምን አውቃለሁ?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና የያዙትን ከረጢት ወደ ቦታው መለሱት።

እንግዶቹ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሄለን ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጭ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ፈረንጇ ረዘም ያለች፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰላምታ እንደሰጠች ቀጥ ብላ ወንዙ ውስጥ ገባችና ምሰሶውን በድንጋይ እየመታች ድምፁን አዳመጠች። ከዚያ ወደ መጋዘኑ መጡ። አቶ ይታያል ከፊት ቆሞ ስለ ደህናው ሲሚንቶ መናገር ሲጀምር ሥራነሽ አቋረጠችው።

«ወደ ኋላ እንለፍ። እነዚህ ደርቀዋል። ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ናቸው።»

አቶ ይታያል ሳል ሳል አደረገ። ሄለን ተረጎመች። ፈረንጇ አንዱን ከረጢት በጣቷ አንኳኳችና አንድ ነገር ተናገረች።

«ስንት እንደሆነ እንዴት አወቁ? ትላለች።»

«ንብረት ያዥ ነኛ!»

ፈረንጇ ካርዱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ሄለን ፈገግ ብላ፣ «ዘጠኝ ቦታ ሄደናል፤ ከኋላ ያለውን ያሳየን ሰው የለም። እርስዎ ጥያቄ ካለዎት እኔም ልመልስ ትላለች» አለች።

ሥራነሽ የጠበቀችው ጊዜ ደረሰና ጥያቄዎቿ ሁሉ በአንድ ላይ መጡባት።

«ስትደራደሩ የት ነው የምትቀመጡት?»

ፈረንጇን ጥያቄው ደስ አሰኛት። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቢሮው ሆኖ በኮምፒውተር እንደሚተያዩ፣ አንዳንዴ ግን ባሕር ማዶ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እንደሚቀመጡ፣ የተበዳሪው አገር ሰዎች ተጠርተው ገብተው አስረድተው እንደሚወጡ ነገረቻት።

«ከወጡ በኋላስ?»

«አበዳሪዎቹ ብቻቸውን ይመክራሉ» አለች ሄለን፤ ይህን ያለችው ሳትተረጉም ነው። ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው እሷ የምትሠራበት ቡድን ነበርና።

«ሸምጋዩ ማን ነው?»

«ሸምጋይ የለም። የሚመሩት ከአበዳሪዎቹ ሁለቱ ናቸው።»

«እንዴ! ከሳሽ ራሱ ዳኛ ሆኖ?»

ሄለን ሳቀች፤ ፈረንጇ ምን አለች ብላ ያዘቻት። ሲተረጎምላት ፈረንጇ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ከአንድ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ተናገረች። ሄለን እየተከተለች አስረዳቻት፦

«እውነትዎን ነው ትላለች። ግን ይሄን ያህል ጊዜ የወሰደው አገሪቱን ስላላመኑ ብቻ አይደለም። እርስ በርሳቸው አይተማመኑም። እኔ ዕዳውን ባራዝምላት ያ የተረፈው ገንዘብ ለሌላው ይከፈልበታል ብሎ እያንዳንዱ ይፈራል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እንዲተው ይጠብቃል።»

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አለች ሥራነሽ፤ ድምፅዋ ከፍ ማለቱን እንኳ አላስተዋለችም። «አጎቴ አድማሴ ሲሞት የሰባት ሰው ዕዳ ነበረበት። ተዝካሩ ላይ ሰባቱም መጡ። አንዱም ገንዘቤን አላለ፤ ግን ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ለማን እንጀራ እንደጨመረች፣ ማንን ለብቻ እንዳነጋገረች ሲጠባበቁ ዋሉ። ሽማግሌ ሲላክባቸው የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ እነሱ ከተዉ እኔም እተዋለሁ። ዓመት ሙሉ።»

ፈረንጇ ማስታወሻዋን አወጣች። «በመጨረሻ እንዴት ሆነ?»

«ወለተ ኢየሱስ ሰባቱንም በአንድ ቀን ጠራቻቸው። ጎተራዋን ከፈተች፣ በሬዋን ከበረት አወጣች፣ ሣጥኗን ሳይቀር ገልብጣ አሳየች። ያለኝ ይሄ ነው፣ ለማንም የደበቅሁት የለም አለች። ያን ዕለት ተስማሙ። ያላየ ሰው ነው የሚጠረጥር።»

ሄለን ይሄንን ስትተረጉም ቃል እየመረጠች ነበር። ፈረንጇ ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች ግን ሥራነሽ አላወቀችም። ሲሄዱ ሄለን ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት።

መኪናው ከዓይን ሲርቅ አቶ ይታያል ዞሮ አያት። አልጮኸም። «ድልድዩን ገደልሽው» አላትና ሄደ።

ይህ ነገር ሥራነሽ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። በዚያው ክረምት ጥቁር ውሃ ሞልቶ የማሬን ሁለት አህያ ከነጭነታቸው ወሰደ። ማሬ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የጤፍ ነጋዴ ናት፤ የመጋዘኑን ወሬ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አጠረ። ሥራነሽ ሄለንን ልትጠይቃት ብትሞክር የስልክ መስመሩ ተቋርጧል። ያኔ በአካባቢው ሰላም ስለጠፋ መንገዱም አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ ደመወዙም እንዲሁ። «ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ?» ትላለች ለራሷ።

ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሬዲዮው አገሪቱና አበዳሪዎቿ በመርሕ ደረጃ ተስማሙ አለ። አያ ገዳሙ ድምፁን ጨመሩት። ስለ ጥቁር ውሃ ግን አንድ ቃል የለም። ሥራነሽ ሳምንት ጠበቀች፤ የሚደውልም የሚመጣም ስታጣ ተሳፍራ ደብረ ማርቆስ ሄደች። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ገብታ ጥግ ይዛ ደወለች።

«ማን ልበል?» አለች ሄለን።

«ሥራነሽ ነኝ። ከጥቁር ውሃ።»

«እትዬ ሥራነሽ! ደህና ነዎት? ስንት ጊዜ ሞከርኩልዎ፤ ስልክዎ አይሠራም።»

ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ሄለን ድልድዩን ሳታነሳ ስለ መንገዱ ጠየቀቻት፤ ሥራነሽም ገባት።

«ተሰርዟል?»

«አዎ። ከዚያ አበዳሪ ጋር ለብቻ ስንነጋገር ያልተለቀቀው ብድር ተሰረዘ።»

«በሲሚንቶው ነው?»

«የምን ሲሚንቶ?»

«የደረቀው። እኔ ያሳየኋችሁ።»

«አይ! አይደለም፣ እትዬ። እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ ከገንዘቡ ከግማሽ በታች የተለቀቀለት ሥራ ሁሉ ነው የተሰረዘው። የእናንተ አርባ ሦስት በመቶ ነበር። በቃ። ሲሚንቶው ሪፖርቱ ላይ አለ፤ እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ግን እስከዚያ ገጽ ያነበበ ያለ አይመስለኝም።»

ሥራነሽ ከላይዋ ሸክም ወረደላት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ከረጢት በእጇ ለይታ ቆጥራ፣ ሁለት ዓመት ራሷን ወቅሳ፣ ያነበበው የለም! የሚያሳፍር መስሏት ብትቆጣጠረውም ሳቋ አመለጣት። አሳላፊዋ ዞራ አየቻት።

«የቆሙት ሁለቱ ምሰሶዎችስ? የወጣባቸው ገንዘብ?»

«እሱ ዕዳ ነው፤ ይከፈላል። ጊዜው ተራዝሟል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁለት ሺህ ሠላሳ አንድ።»

«በእኛ አቆጣጠር?»

«በእኛ።»

ሥራነሽ ዕድሜዋን ደመረች። የአያ ገዳሙን መደመር ተወችው።

ወሬውን ይዛ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ማሬ ቤት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ አርባ ሦስት በመቶውንም። ማሬ ጤፏን መስፈሯን ሳታቆም አዳመጠች። ሲያልቅ፣ «እኔስ በአንቺ ነበር ያመካኘሁት» አለችና ወንበር ሳበችላት።

በዚያው ዓመት መጋዘኑ ለወረዳው ይተላለፍ ተባለ። ርክክቡ ሦስት ቀን ፈጀ። አቶ ይታያል በሦስቱም ቀን ተገኝቶ ካርድ በካርድ ሲያመሳክር አንድ ሚስማር አልጎደለም። መጨረሻ ላይ ከፈረመ በኋላ፣ «የዚያን ቀን የተናገርኩሽ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሥራነሽ «ይሁን» አለችው።

ወረዳው መኪና የሚያሻግር ድልድይ ለመጨረስ አቅም አልነበረውም። ግን ብረቱ ሳይዝግ ስለተገኘ ከምሰሶ ምሰሶ ተዘረጋ፤ ሕዝቡ ጣውላ አዋጣ፤ የደረቀው ሲሚንቶም ከነከረጢቱ ተደርድሮ የወንዙን ዳር ደገፈ። አንድ የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ መሻገሪያ ወጣው። ሥራነሽን ወረዳው በዚያው ሙያዋ ቀጠራት።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ማሬ አዲስ አህያ እየነዳች መጣች። መካከል ላይ ስትደርስ ቆመችና ወደ ታች አየች፤ ውሃው ደፍርሶ ይሄዳል። ሥራነሽ ከወዲህ ዳር ነበረች።

«ሥራነሽ! ይሄ አሁን የማን ነው?»

«ብረቱ የወረዳው ነው! ጣውላው የእናንተ ነው! ምሰሶው ግን ገና ተከፍሎ አላለቀም!»

«ታዲያ እኔ የቆምሁት በማን ላይ ነው?»

ሥራነሽ ወረዳውን፣ ሕዝቡን፣ አበዳሪውን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከማሬ ኋላ ስድስት ሰውና ሦስት አህያ ተሰልፏል፤ አንዱ «እለፊ እንጂ!» አለ። ማሬም አህያዋን መታ አድርጋ አለፈች።