አልሞ ወይስ ስቶ

ገደፋው ተኩሶ ሳተ ሲባል በመንደሩ ተሰምቶ አያውቅም። መንደሩ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ይላል። ገደፋው በወጣትነቱ አስራ አንድ ዓመት ወታደር ነበር፤ ስድስቱን ዓመት ያገለገለው በአልሞ ተኳሽነት ነው። ከተመለሰ ወዲህ በቆሎና በርበሬ እያመረተ ይኖራል። ከርከሮ ማሳ ሲያወድም ወይም ጅብ በረት ሲደፍር የሚጠራው እሱ ነው። ምንሽሩን በትከሻው አንግቶ አንድ ጥይት ብቻ ይዞ ይወጣል። «ምናልባት ቢስቱ ሌላ አይጨምሩም?» ያለው ሰው ካለ ቀና ብሎ ያየዋል እንጅ አይመልስለትም።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀኝ ዓይኑ መደብዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጭስ የገባው መሰለው። ጭሱ ግን አልወጣም፤ እየወፈረ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት የሰው ፊት በቀኝ ዓይኑ ብቻ ሲያይ መለየት አቃተው። ለማንም አልተናገረም። በግራው ያርሳል፣ በግራው መንገዱን ያያል፤ ማን ያውቅበታል?

ሚስቱ ቻይነሽ አወቀችበት። ጠላ ሲቀዳ ከጣሳው ውጭ ያፈስሳል። በቀኙ በኩል የመጣ ሰው ሰላም ሲለው ይደነግጣል።

«ፍኖተ ሰላም ሂድና ታይ» አለችው አንድ ቀን።

«ምኔን ነው የምታየው?»

«ዓይንህን ነዋ። ሰው ቢጠራህስ በምን ታነጣጥራለህ?»

«እጄ ያውቀዋል» አላትና ወጣ።

ሰው የጠራው ባለፈው ዓመት በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ማግስት ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ መልካሙ የተባለ ጎረቤቱ እያለከለከ ደረሰ።

«አያ ገደፋው፣ ይድረሱልን! ያበደ ውሻ መጥቷል። የእነ አሸናፊን ጥጃ ነክሶ በመስኩ ወደ ምንጩ እየወረደ ነው። ሴቶች ውሃ እየቀዱ ነው።»

ገደፋው ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደ። ቻይነሽ በሩ ላይ ቆመችበት። ሁለቱም ከአዊ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸውና ሰው እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ በአገውኛ ይነጋገራሉ። «አትሂድ፤ ሌላ ሰው ይተኩስ» አለችው። «ማን?» አላትና አልፏት ሄደ።

ውሻው መስኩ መካከል ቆሟል። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ጭንቅላቱ ተንጠልጥሏል። ርቀቱ ቢበዛ ሰባ እርምጃ ነው። ከገደፋው ጀርባ ዱላ የያዙ ስድስት ሰባት ወንዶች ነበሩ፤ እሱ ሲንበረከክ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ መሣሪያውን አቀባበለ። ከዚያ እንደለመደው ግራ ዓይኑን ጨፈነ።

የታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ የለችም። ጉሙ ውስጥ አንድ ቡናማ ነገር ይወዛወዛል፤ ውሻው ይሁን ቁጥቋጦው አይለይም። ያን ጊዜ ግራ ዓይኑን ገልጦ መነሳትና መሣሪያውን ለመልካሙ መስጠት ይችል ነበር። ይህንንም አስቦታል። ግን ከጀርባው የሰዎቹ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ትንፋሹን ዋጠና ምላጩን ሳበ።

ውሻው በርግጎ ሮጠ። ከምንጩ በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ።

የተመታችው ንጋት ነበረች፤ የአርባ ዓመት ባልቴት ናት፣ ማሳዋ ከገደፋው ማሳ ጋር ይዋሰናል። ጥይቱ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ጭኗን በስቶ ወጥቷል። ቢጫ ጀሪካኗ ጎኗ ተጋድሞ ውሃው ይፈሳል። ቀድሞ የደረሰው ገደፋው ራሱ ነው። ጋቢውን ቀድዶ እግሯን ሲያስርላት አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

«አያ ገደፋው፣ ምን በደልኩዎት?» አለችው።

እሱ ቋጠሮውን አጠበቀ። ወንዶቹ በቃሬዛ አድርገው ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ በዚያው ቀን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገባች። ውሻውን ማታ በታችኛው መንደር በዱላ ገደሉት።

ንጋት ለምን እንደዚያ እንደጠየቀችው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት በወሰን ተካሰው ለእሷ ተፈርዶላታል። ገደፋው በዚያን ቀን በሰው ፊት «ይችን ነገር ሞቼም አልረሳት» ብሎ ነበር። በንዴት የተናገረው ነው፤ በሳምንቱ እሱ ራሱ ረስቶታል። የሰሙት ግን አልረሱትም።

በማግስቱ ወሬው አንድ መልክ ያዘ። ገደፋው በሰባ እርምጃ ሳይሆን ከሰባት ጋሻ መሬት ማዶ ቢተኩስ አይስትም። ገደፋው ካልሳተ ደግሞ ጥይቱ የሄደው እሱ ወደ ላከው ነው። ውሻውን ሰበብ አድርጎ ሴትዮዋን ሊገድል ነበር ተባለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያኮራው ስሙ አሁን ጣት ሆኖ ጠቆመው።

ንጋት እንዳለው የሚባል ወንድም አላት፤ ቡሬ ላይ በርበሬ ይነግዳል። በሦስተኛው ቀን ክላሹን ይዞ መጣ። መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ ከወረዳ ፖሊስ አልደረሰም። መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መስቀል ይዘው በእንዳለው እግር ላይ ወደቁና እስከ እሁድ እንዲታገሥ ቃል ተቀበሉት። ገደፋው እስከዚያ ከቤቱ እንዳይወጣ ተነገረው።

አርብ ዕለት መልካሙ ተደብቆ ገባ።

«አያ ገደፋው፣ እኔ አስቤበታለሁ። ጥይቱ ድንጋይ መትቶ ነጠረ ይበሉ። እኔም አይቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ። ስምዎትም ሕይወትዎትም ይተርፋል።»

ገደፋው ሐሳቡን ወደደው። ሁለት ቀን ሙሉ በልቡ ይዞት ዋለ፤ እየደጋገመ ሲናገረው እውነት እየመሰለው ሄደ። ድንጋዩን ሳይቀር በዓይነ ሕሊናው አየው። ቻይነሽ ስታየው ሐሳቡን አወቀች መሰል፣ እህል ስታቀርብለት ቀና ብላ አላየችውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። እንዳለው ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ክላሹን ከቅጥሩ ውጭ እንዲተው አድርገውታል። ሴቶቹ በግንቡ ሥር ቆመዋል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

«ገደፋው፣ ነገሩ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ አልመህ መትተሃታል፣ ወይ ጥይቱ ነጥሯል፣ ወይ ስተሃል። አልመህ ከሆነ የደም ነገር ነው፤ እኛ አንችለውም። ሌላው ከሆነ እርቅ አለው። የትኛው ነው?»

ገደፋው ተነሳ። መልካሙን አየው፤ መልካሙ ራሱን ነቀነቀለት።

«ጥይቱ…» አለና ቆመ።

«ጥይቱ ምን?» አለ እንዳለው። «ድንጋይ መትቶ ነጠረ ሊሉን ነው? እኔ ትናንት ቦታውን ዞሬዋለሁ። ረግረግ ነው። የእንቁላል ያህል ድንጋይ የለበትም።»

ያን ጊዜ ቻይነሽ ከግንቡ ሥር ሆና በአገውኛ ተናገረች። «ዓይንህን ንገራቸው» ነበር ያለችው። ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። እንዳለው ግን እናቱ የአገው ልጅ ናት።

«ዓይኑ ምን ሆነ?» አለ ዞሮ።

ገደፋው ጣቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አነሳ።

«ቀኙ አያይም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስቼ ነው።»

ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ «ወንድሜ፣ ሌላ ብትል ይሻልሃል» አሉት። ሌላው ቅል ሰቅለን ይተኩስና እንየው አሉ።

«ሰው መምታት ያቅተዋል እንጅ መሳት ያቅተዋል?» አለ እንዳለው። «ሳት ብላችሁ ብታዙት ይስታል። እኔ የማምነው ሐኪም ሲነግረኝ ነው።»

መሪጌታ እንዲህ ይሁን አሉ። ማክሰኞ መንገዱ ክፍት ነበር። ገደፋውና እንዳለው መሪጌታን መካከል አስቀምጠው በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። በመንገድ አንድም ቃል አልተለዋወጡም።

የዓይን ክፍሏ ባለሙያ ውዳሴ የምትባል ወጣት ናት። የመጡበትን ጉዳይ አታውቅም። ግራ ዓይኑን በእጁ አስከደነችና ፊቱ ላይ ጣቶቿን ዘረጋች።

«ስንት ነው አባቴ?»

«ጥላ ነው የማየው።»

ባትሪ አብርታ ዓይኑን መረመረች። «የበሰለ ሞራ ነው» አለች። «በዚህኛው ዓይን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያዩም። ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ? በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር እኮ ነው።»

እንዳለው ወደ ፊት ተጠጋ። «በሰባ እርምጃ ውሻና ሰው ይለያል?»

«ምን በሰባ እርምጃ! ክንዴን ዘርግቼ የያዝኩትን አይለይም።»

እንዳለው ወጣና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። ገደፋው ተከትሎት ወጥቶ ፊቱ ቆመ። እፎይ ይላል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የእንዳለው ፊት ግን የበለጠ ጠቆረ።

«አልመህ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር» አለ፤ አንቱታውን ትቶታል። «እንደማታይ እያወቅህ ለምን ተኮስህ?»

«ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አላይም ማለት አፈርኩ።»

«አፈርክ?» እንዳለው በእጆቹ ፊቱን ሸፈነ። «እህቴን የመታት የአንተ ሀፍረት ነው በለኛ።»

ገደፋው «አዎ» አለ። መሪጌታም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ንጋት የተኛችው በዚያው ግቢ ነው። ገደፋው ካልነገርኳት አልመለስም ብሎ ገባ። ዘመዶቿ ስታየው ትደነግጣለች ብለው ፈርተው ነበር፤ እሷ ግን ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ሰማችው። ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጉሙ፣ መሣሪያውን ለሌላ ሰው መስጠት ሲችል እንዳልሰጠ፣ ድንጋይ መትቶ ነጠረ ሊል እንደነበር ሳይቀር ነገራት።

«እኔ እኮ አስር ቀን ሙሉ ምን እንደበደልኩዎት ሳስብ ነው የከረምኩ» አለች ሲጨርስ። «በመሬቱ ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዳንኩ ወሰኑን እተውላቸዋለሁ፣ ልጆቼን አይግደሉብኝ ብዬ ለማርያም ተሳልኩ።»

ገደፋው አልጋው ሥር በጉልበቱ ወደቀ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ አልመጣለትም። ንጋት ይነሱም አላለችው፣ ይቅር ብያለሁም አላለችው። «ደክሞኛል፣ ልተኛ» አለች።

እርቁ በኅዳር ወር ወረደ። ገደፋው የንጋትን በቆሎ ሊሰበስብ፣ እግሯ እስኪጠና ድረስ ማሳዋን ሊያርስ፣ አንድ በሬም ሊሰጣት ተስማማ። ምንሽሩን ለቀበሌው አስረከበ። እንዳለው መስቀል ስሞ ማለ፤ የገደፋውን ቤት ግን እስከ ዛሬ አልረገጠም። በዓመት በዓል ሲጠራው ሥራ አለብኝ ብሎ ይልካል።

ገደፋውን ያልጠበቀው ሌላ ነገር ገጠመው። ሐኪሟ የሰጠችውን ወረቀት ያላመኑ ብዙዎች ናቸው። ሰውን ሊገድል አስቦ ነበር ብሎ ማመን ገደፋው ሳተ ብሎ ከማመን ቀለላቸው። ይህን የሚያምኑት ደግሞ የሚሸሹት አልሆኑም። ቡሬ ገበያ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ቦታ ይለቁለታል። አንድ ጎልማሳ ጠላ ቤት ውስጥ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ነው እንጅ ወንድ! በውሻ ሰበብ!» ብሎ ትከሻውን መታው። ገደፋው ጣሳውን አስቀመጠ።

«ስቼ ነው» አለው።

ሰውየው ጠቀሰውና ሳቀ። «ገብቶናል።»

«ስቼ ነው እልሃለሁ! ታውሬ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ የምትወጣለት ቻይነሽ ሆነች።

በመጋቢት ሞራውን አስወጣ። ፋሻው ሲፈታ ቻይነሽ «ታየኛለህ?» አለችው፤ «አርጅተሻል» አላትና ሁለቱም ከብዙ ወር በኋላ ሳቁ።

በግንቦት የንጋትን ማሳ ለዘር ሲያርስ እሷ ራሷ የበቆሎ ዘር በቁና ይዛ ከቤቷ ወጣች። እስከ መጋቢት ድረስ ሲያያት በአንድ ዓይኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቀና ብሎ አላያትም። አሁን ከሩቅ ሁሉንም አየው። ቀኝ እግሯ አልታጠፍ ብሎ አፈሩን እየፋቀ ይጎተታል፤ በየእርምጃው ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ቁናው ያዘነብላል፣ ዘሩ እየተንጠባጠበ ይቀራል። ከደጃፏ እስከ ማሳው ያለችውን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

በሬዎቹ ቆሙ። እርፉን እንደጨበጠ እሱም ቆሞ ቀረ።

«ምነው ቆሙ አያ ገደፋው?» አለች ስትደርስ፤ ቁናውን መሬት አስቀምጣ ላቧን ጠረገች። «ሰማዩ ጠቁሯል እኮ። ዝናቡ ሳይደርስብን ይዘሩት።»

«እሽ» አለና ወደ ቁናው ጎንበስ አለ።